መርፌ የፈራው የመርካ ወጥ ቤት ሠራተኛ

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ ክትባት ታሪክ ነው።

በዕድሜ የገፋችሁ ፈንጣጣን ታስታውሱ ይሆናል። ከባዱ ዓይነት ከያዛቸው አሥር ሰዎች ሦስቱን ያህል ይገድል ነበር። የተረፈውም ፊቱ ይጠባሳል፤ ዓይኑ የጠፋም አለ። ዛሬ ልጆቻችን ይህን በሽታ አያውቁትም። የጠፋው የሚያድን መድኃኒት ተገኝቶለት ሳይሆን ክትባት መተላለፊያውን ስለዘጋበት ነው።

ፈንጣጣ የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህ የጤና ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ እየዞሩ የታመመውን ለይተው ያቆዩ፣ በዙሪያው ያሉትን ይከትቡ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 ኦጋዴን ውስጥ ተገኘ። በሽታ ግን ድንበር አያግደውምና በሶማሊያ ቀጠለ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1977 ዓሊ ማው ማሊን የሚባል ወጣት በሶማሊያ፣ በመርካ ሆስፒታል ወጥ ቤት ይሠራ ነበር። ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች የጫነ መኪና መንገድ ጠፍቶት ሲመጣ ዓሊ ተሳፍሮ መራቸው። ጉዞው ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ከቀናት በኋላ ትኩሳት ያዘው። መጀመሪያ ወባ፣ ቀጥሎም ጉድፍ ነው ተባለ፤ ነገር ግን ፈንጣጣ ነበር። ዓሊ መርፌው ያማል ብሎ ስለፈራ፣ ሆስፒታል እየሠራም ከክትባት ሸሽቶ ነበር።

ወዲያው በመርካ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች ተከተቡ። ዓሊ ዳነ፤ ከእርሱም የተያዘ ሰው አልተገኘም። በተፈጥሮ ስርጭት ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው እርሱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1980 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

ዓሊ በኋላ በፖሊዮ ዘመቻ ተሰማርቶ፣ ክትባት ለሚፈሩ ወላጆች የራሱን ታሪክ ይነግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ ታሞ አረፈ።

እናቶችና አባቶች፣ ፖሊዮና ኩፍኝ ገና አልጠፉም። እንደኛ ተጠጋግቶ በሚኖር ሕዝብ መካከል ደግሞ ኩፍኝ እንደ ሰደድ እሳት ነው። ያልተከተበ ልጅ ካላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከክትባት በኋላ ትንሽ ቢያተኩሰው አትደንግጡ፤ ከበረታበት ግን መልሳችሁ አምጡት። የክትባት ካርዱንም በደንብ አስቀምጡ። አዲስ የመጣ ጎረቤት ካለ ይህን ንገሩት።