እቴጌ እሌኒ፦ ከሐድያ የመጡት የኢትዮጵያ ንግሥት

በኦክላንድም ሆነ በሳን ሆዜ ምግብ ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ የንግሥተ ሳባን ወይም የእቴጌ ጣይቱን ሥዕል ማየት የተለመደ ነው። ይገባቸዋልም። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣቸው ግን ሥዕላቸው እምብዛም የማይሰቀልላቸውን፣ ስማቸውም ከታሪክ ተማሪዎች በቀር ብዙ ሰው የማያነሣውን እቴጌ እሌኒን ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሩሲያዋ ታላቋ ካትሪን ያልሰማ ጥቂት ነው። የተወለደችው ከጀርመን መሳፍንት ቤት ነበር። በ1744 ለጋብቻ ሩሲያ ገባች፤ የሉተራን እምነቷን ትታ ኦርቶዶክስ ሆነች፤ ሶፊ መባሏ ቀርቶ ኢካተሪና ተባለች፤ በ1762 ዙፋኑን ያዘች። የባዕድ ልጅ የሌላውን ሕዝብ መንግሥት እንዴት ልትመራ ቻለች እያለ ዓለም እስከ ዛሬ ይደነቃል። የእኛይቱ እቴጌ ግን ይህን መንገድ የሄዱት ካትሪን ከመወለዷ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድመው ነው።

እሌኒ የሐድያው ገዥ የገራድ መሕማድ ልጅ ናቸው። ሐድያ በዚያን ጊዜ የራሱ ገዥዎች ያሉት፣ መሪዎቹ ሙስሊም የሆኑ፣ ለክርስቲያኑ ንጉሥ ግን የሚገብር አገር ነበር። ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የገራዱን ልጅ አገቡ። ጋብቻውን የፍቅር ነበር ብለን አናስውበው። ልጅ ሰጥቶ ሰላም መግዛት የዘመኑ ፖለቲካ ነበር። ልዕልቲቱ ክርስትና ተነሥተው እሌኒ ተባሉ፤ የቀኝ በዓልቲሐት፣ ማለትም የቀኝ ንግሥት፣ ሆነው ተሾሙ።

ጋብቻው ግን ሰላሙን ጠብቆ አላቆየም። ማሂቆ የተባለው የገራድ መሕማድ ልጅ አልገብርም ብሎ ሸፈተ፤ ተሸንፎም ተገደለ። እቴጌይቱ በባላቸውና በወንድማቸው መካከል ሆነው ምን እንደተሰማቸው የጻፈልን የለም። የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ለእንዲህ ያለው ነገር ብራና አያወጡም። በሁለት ወገን መካከል መቆም ምን እንደሆነ ግን ስደተኛ ሳይነገረው ይገባዋል።

ቤተ መንግሥቱም የዋዛ ቦታ አልነበረም። ዘርዓ ያዕቆብ ታላቅ ደራሲና የሃይማኖት ሊቅ ቢሆኑም ቁጣቸው ለቤተሰባቸውም አይመለስም ነበር። ሌላይቱ ሚስታቸው ጽዮን ሞገሳ በሤራ ተጠርጥረው ተገረፉ፤ በዚሁም ሞቱ። የእኚህ ሴት ልጅ በእደ ማርያም በ1468 ሲነግሡ እናት አልነበራቸውም፤ እሌኒን በእናታቸው ቦታ አስቀመጧቸው። ዜና መዋዕላቸውም ለእቴጌይቱ ምስጋና አይሰስትም። በእምነታቸው የጸኑ፣ የንጉሥ ማዕድ ማሰናዳት የተካኑ፣ መጻሕፍት የሚያውቁ፣ ሕግና የመንግሥት ሥራ የገባቸው ሴት ነበሩ ይላል።

ከበእደ ማርያም በኋላ እስክንድር መጡ፤ ከዚያ ናዖድ። በ1508 ናዖድ ሲሞቱ ልጃቸው ልብነ ድንግል ገና የ12 ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ። መንግሥቱን በሞግዚትነት የያዙት ያኔ አሮጊት የሆኑት እሌኒ ናቸው።

እቴጌይቱ ከሙስሊም ጎረቤቶች ጋር በሰላምና በንግድ መኖርን ይመርጡ እንደነበር የታሪክ ምሁራን ይጽፋሉ። ይሁን እንጂ በምሥራቅ የማሕፉዝ ዘመቻ እየበረታ ነበር። በባሕሩ በኩል ደግሞ ፖርቱጋሎች ሕንድ ውቅያኖስ ገብተዋል። እሌኒ ይህን አይተው በ1509 ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ ላኩ። ወታደርና ስንቅ ከእኛ፣ መርከብ ከእናንተ ይሁንና አብረን እንቁም የሚል ነበር። ልጆቻችንንም እናጋባ የሚል ሐሳብ ጨመሩበት። በጋብቻ ከአንድ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው የተላኩት ልዕልት፣ በስተርጅና ያንኑ መሣሪያ ባሕር አሻግረው ሊሠሩበት ፈለጉ።

ደብዳቤውን የያዘው ማቴዎስ የተባለ የአርመን ነጋዴ ነበር። ሰላይ ነህ፣ አጭበርባሪ ነህ እየተባለ በመንገድ ተንገላታ፤ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው። የፖርቱጋል መልእክተኞችን አስከትሎ ምጽዋ የደረሰው ደግሞ በ1520 ሲሆን፣ ንጉሡ ዘንድ ሳይደርስ በደብረ ቢዘን አካባቢ ሞተ። በዚህ መካከል ልብነ ድንግል አድገው፣ ማሕፉዝን በጦርነት ድል አድርገው ስለነበር፣ የአሮጊቷ ስጋት ከንቱ መስሎ ታያቸው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንዲሉ ሆነ። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1526 ያለ ጽኑ ውል ተመለሱ።

እቴጌ እሌኒ ያረፉት እነዚህ እንግዶች አገር ውስጥ ሳሉ ነው። አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደጻፈው፣ ታላቁም ታናሹም የሁላችን አባትና እናት ሞቱብን ብሎ አለቀሰ። ያለቀሰላቸው ሕዝብ ከየት መጡ ብሎ አልጠየቀም።

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በ1529 በሽምብራ ኩሬ ልብነ ድንግል በኢማም አሕመድ ተሸነፉ፤ አገር ተቃጠለ። እሌኒ በጎጃም ያሠሩት መርጡለ ማርያምም ከጥፋቱ አልተረፈም። በ1541 ግን 400 ያህል ፖርቱጋሎች ነፍጥ ይዘው ምጽዋ ወረዱ፤ ጦርነቱም በ1543 በወይና ደጋ አበቃ። እቴጌይቱ የከፈቱት በር ፍሬ ያፈራው እርሳቸው ካረፉ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ወገኖቼ፣ ማዕድ ላይ ተቀምጠን እገሌ የማነው፣ እገሊት ከየት ናት እያልን ስንከራከር እኚህን ሴት እናስታውስ። የሐድያ ልጅ፣ ከሙስሊም ቤት የተወለዱ፣ የጎጃም ቤተ ክርስቲያን አሠሪ፣ የአራት ነገሥታት አማካሪ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ መርጦ የእኛ ናቸው ወይም አይደሉም የሚል ታሪኩን ጎዶሎ ያደርገዋል። ልጆቻችንም ስለ ካትሪን ሲያጠኑ ያገኘናቸው እንደሆነ፣ ጎን ተቀምጠን የእሌኒን ታሪክ እንንገራቸው።