የንጉጊ ዋ ቲዮንጎ የመጀመሪያ እትሞች በናይሮቢ

በናይሮቢ የደራሲ ፊርማ ያረፈባቸውን የመጀመሪያ እትሞች የሚያድን ሰው ከማንም በፊት የሚያነሣው ስም ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ነው። ንጉጊ በ1938 (ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከናይሮቢ ብዙም በማትርቀው ሊሙሩ አጠገብ፣ ካሚሪቱ በተባለ መንደር ተወለደ። በለንደን ገበያ አንድን የመጀመሪያ እትም ውድ የሚያደርገው ጥቂት ቅጂ መታተሙና የሰብሳቢው ኪስ ነው። የንጉጊን መጻሕፍት በገዛ አገራቸው ብርቅ ያደረጓቸው ግን ትምህርት ቤት፣ ፖሊስና ስደት ናቸው።

በከተማይቱ መጽሐፍ መሰብሰብ ለረጅም ጊዜ የጥቂቶች ጉዳይ ነበር። በ1931 የተከፈተው የማክሚላን መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት እስከ 1958 ድረስ ነጮችን ብቻ ያስተናግድ ነበር። ከነጻነት በኋላ በሰብሳቢነቱ ስሙ የገነነው ጆሴፍ ሙሩምቢ ነው። በ1966 ለጥቂት ወራት የኬንያ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ይህ ሰው፣ ከ1900 በፊት የታተሙ ከ8,000 በላይ መጻሕፍት ሰብስቦ ነበር። የውጭ ገዢዎች ቢፈልጉትም ስብስቡን ለኬንያ መንግሥት ሸጠ፤ ዛሬም በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ይገኛል። ሙሩምቢ ያተኮረው ስለ አፍሪካ በተጻፉ ጥንታዊ መጻሕፍት ላይ ነበር። አፍሪካውያን ራሳቸው የጻፏቸው ልቦለዶች ገና ትኩስ ስለነበሩ የሰብሳቢን ዓይን የሳቡት ቆይተው ነው።

በ1962 በካምፓላ ማኬሬሬ ኮሌጅ የአፍሪካ ጸሐፊዎች ጉባኤ ተደረገ። ያኔ ተማሪ የነበረው ንጉጊ የመጀመሪያ ልቦለዱን ረቂቅ ለናይጄሪያዊው ደራሲ ለቺኑዋ አቼቤ አሳየው። መጽሐፉ በ1964 «ዊፕ ኖት ቻይልድ» (አታልቅስ ልጄ) በሚል ርእስ ለንደን ውስጥ በሃይነማን ታተመ፤ በእንግሊዝኛ ከተጻፉ የምሥራቅ አፍሪካ ልቦለዶችም የመጀመሪያው እርሱ ነው። በጠንካራ ሽፋን ከወጣው ሌላ፣ የአፍሪካ ጸሐፊዎች ተከታታይ እትም 7ኛ ቁጥር ሆኖ በስስ ሽፋንም ወጥቷል። «ዘ ሪቨር ቢትዊን» በ1965፣ «ኤ ግሬን ኦፍ ዊት» (የስንዴ ቅንጣት) ደግሞ በ1967 ተከተሉ። ሰብሳቢዎች የሚሻሙት ከነወረቀት ልባሱ የተረፈውን ጠንካራ ሽፋን ነው። ኬንያዊው አንባቢ ግን የሚያውቀው ስሱን ነው፤ ትምህርት ቤት የተነበበው፣ ከእጅ እጅ ሲዟዟር ያለቀው እርሱ ነውና። በመቶዎች ተማሪዎች እጅ አልፎ ሳይገነጠል የቆየ የ1960ዎቹ ቅጂ ማግኘት ቀላል አይደለም።

በእነዚህ ሦስት ልቦለዶች ሽፋን ላይ የሚነበበው የደራሲ ስም ጄምስ ንጉጊ ነው። የክርስትና ስሙን ትቶ በአባቱ ስም መጠራት የጀመረው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ በ1972 የወጣው የድርሰቶቹ ስብስብ አዲሱን ስም ይዟል። ስለዚህ ሽፋኑ ብቻ እንኳ የእትሙን ዘመን ይጠቁማል። «የስንዴ ቅንጣት»ን ደግሞ ደራሲው በ1980ዎቹ አሻሽሎ እንደገና አሳትሞታል። የ1967ቱን ቅጂ የያዘ ሰው የያዘው ከኋለኛው የሚለይ ጽሑፍ ነው፤ ይህም ለመሰብሰብ ከዕድሜው የበለጠ ምክንያት ይሆናል።

«ፔታልስ ኦፍ ብለድ» የተባለው ልቦለዱ በሐምሌ 1977 በናይሮቢ ማዘጋጃ ቤት ሲመረቅ፣ የክብር እንግዳው የወቅቱ የገንዘብ ሚኒስትር ምዋይ ኪባኪ ነበሩ። በዚያው ዓመት ንጉጊ ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር በእናት ቋንቋው በጊኩዩ የጻፈው ተውኔት በካሚሪቱ ገበሬዎችና ሠራተኞች ተሠርቶ ለሕዝብ ሲታይ፣ መንግሥት በኅዳር ወር አገደው። በታኅሣሥ መጨረሻ ፖሊስ የንጉጊ ዋ ቲዮንጎን ቤት ፈትሾ መጻሕፍቱን ወሰደ፤ እርሱንም ያለ ፍርድ በካሚቲ ወህኒ ቤት ለአንድ ዓመት ያህል አሰረው። የእንግሊዝኛውን ልቦለድ በሚኒስትር ያስመረቀ መንግሥት የጊኩዩውን ተውኔት ሊታገሥ አልቻለም።

«ሻይታኒ ሙዛራባኢኒ» (ሰይጣን በመስቀል ላይ) የተጻፈው በዚያው ወህኒ ቤት፣ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ ነው። በ1980 ያሳተመው የሃይነማን ናይሮቢ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሄንሪ ቻካቫ ነበር። ቻካቫ የሞት ዛቻ ደርሶበታል፤ በቤቱ ደጃፍም ተደብድቦ ጣቱ ክፉኛ ቆስሏል። የመጀመሪያው ዙር 5,000 ቅጂ በአንድ ወር ውስጥ አለቀ። በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተደግሞ ጠቅላላው 15,000 ደረሰ። መጽሐፉ በየቤቱ፣ በየሥራ ቦታውና በየመጠጥ ቤቱ ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር። ንጉጊ ራሱ እንደጻፈው፣ በመጠጥ ቤት የሚያነበው ሰው ልብ የሚያንጠለጥል ቦታ ላይ ሲደርስ ብርጭቆው ካልተሞላለት አይቀጥልም። እንዲህ የተነበበ ርካሽ እትም ንጹሕ ሆኖ ሊቆይ አይችልም፤ ቢራ የፈሰሰበትና ጠርዙ የታጠፈው ቅጂ ለዚህ መጽሐፍ ታሪክ እውነተኛ ምስክር ነው።

በ1986 የወጣው «ማቲጋሪ ማ ንጂሩንጊ» ዕጣው ከዚህ የከፋ ነበር። ማቲጋሪ የሚባል ሰው እውነትና ፍትሕ የት እንዳሉ እየጠየቀ በማዕከላዊ ኬንያ ይዞራል የሚል ወሬ ለደኅንነት ሰዎች ደረሰ፤ እንዲያዝም ታዘዘ። ሰውየው የልቦለድ ገጸ ባሕርይ መሆኑ ሲታወቅ፣ በየካቲት 1987 ፖሊስ መጽሐፉን ከየመደብሩና ከአሳታሚው መጋዘን ለቀመው። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን መሰል ታሪክ በበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ያውቀዋል፤ እርሱም በ1983 እንደወጣ ከገበያ ተሰብስቦ ቅጂዎቹ በድብቅ ተነብበዋል። የ1986ቱ «ማቲጋሪ» በአንድ መደርደሪያ ላይ ከተገኘ፣ ከዘመቻው በፊት የተሸጠ ወይም ከፈታሾች የተሸሸገ ነው።

የፊርማውን ነገር ያከበደው ስደቱ ነው። ንጉጊ ከ1982 ጀምሮ 22 ዓመት ወደ አገሩ አልተመለሰም። በ1986ቱ እትም ላይ በወጣበት ሰሞን ናይሮቢ ውስጥ ሊፈርም የሚችልበት መንገድ አልነበረም። በ2004 «ሙሮጊ ዋ ካጎጎ» የተባለ ልቦለዱን ይዞ ሲመለስ ደማቅ አቀባበል ቢደረግለትም፣ ባረፈበት አፓርታማ የታጠቁ ሰዎች እርሱንና ባለቤቱን በጭካኔ አጠቋቸው። በ2015 የመጀመሪያ ልቦለዱ 50ኛ ዓመት ሲከበርም መጥቶ ነበር። ስለዚህ በጊኩዩ እትሞች ላይ ያለ ፊርማ ብዙውን ጊዜ መጽሐፉ ከታተመ ከብዙ ዓመት በኋላ የተጻፈ ነው። ቀንና ቦታ ከተጨመረበት፣ ወይም ለማን እንደተፈረመ ከተገለጸ፣ ከባዶ ፊርማ የላቀ ዋጋ አለው፤ ለማመሳከርም ያመቻል።

ዛሬ ፈላጊው ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ የተመረጡ አሮጌ መጻሕፍት የሚያቀርቡ ሱቆች፣ ሌላው በመሃል ከተማ የእግረኛ መንገድ ላይ መጽሐፍ ዘርግተው የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው። በሁለቱም ቦታ ማረጋገጫው ሽፋኑ አይደለም፤ የቆየ የሚመስል ቅጂ ሁሉ የመጀመሪያ አይደለምና። ከርእሱ ገጽ ጀርባ ያለው የኅትመት መግለጫ መታየት አለበት። መጀመሪያ የታተመበት ዓመት ብቻ ከሰፈረ ተስፋ አለ፤ ከሥሩ ተከታታይ የድጋሚ ኅትመት ዓመታት ከተደረደሩ ግን ቅጂው ከኋለኞቹ አንዱ ነው። የሃይነማን ኬንያ ስም በ1992 ወደ ኢስት አፍሪካን ኤዱኬሽናል ፐብሊሸርስ ስለተለወጠ፣ ይህን አዲስ ስም የያዘ «ማቲጋሪ» የመጀመሪያው እትም ሊሆን አይችልም።

ንጉጊ ግንቦት 28 ቀን 2025 በአሜሪካ በ87 ዓመቱ አረፈ። ገበያው ወደ 1964ቱ የለንደን ጠንካራ ሽፋን ቢያደላም፣ ለኬንያ ታሪክ የሚበልጡት የ1980ውና የ1986ቱ የናይሮቢ እትሞች ናቸው። እነዚህን በቤቱ ያቆየ ሰው ከማን እንደገዛቸው፣ በዘመቻው ወራት የት እንዳስቀመጣቸውና መቼ እንዳስፈረማቸው ጽፎ አብሮ ያኑር፤ ሊለቃቸው ሲያስብም ከውጭ ገዢ በፊት የአገሩን ቤተ መዛግብት ይጠይቅ።