የፈረስ ጠጉር በፎገራ ዙሪያ

የበረዶው ወራት አልፎ ሙቀት ሲገባ በአሜሪካና በአውሮፓ የድንክ ፈረስ ባለቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ከሰው ወገብ የማይዘሉት እነዚህ እንስሳት በብርዱ ጊዜ ያበቀሉት ጥቅጥቅ ያለ ጠጉር ሙቀቱ ሲመጣ ስለሚከብዳቸው፣ በኤሌክትሪክ መላጫ ከአንገት እስከ ሰኮና ይሸለታሉ። ለውድድር የሚቀርቡት ደግሞ የጆሯቸው ውስጥ እንኳ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመው የአሜሪካ የድንክ ፈረስ ማኅበር ቁመቱ ከ34 ኢንች፣ ማለትም ከ86 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚበልጠውን ፈረስ በመዝገቡ አያሰፍርም። ልኬቱም የሚወሰደው የጋማው የመጨረሻ ጠጉር ከበቀለበት ቦታ ነው።

ከጣራ ገዳም ደን ቁልቁል ወደ አዲስ ዘመን፣ ወደ ይፋግና ወደ ፎገራ ሜዳ ለሚመለከት ሰው ይህ ሁሉ ትርፍ ድካም ሊመስለው ይችላል። በዚህ አገር ፈረስ ይታጠባል፣ ይታሻል፣ ይሸለማል እንጂ ገላው አይሸለትም። እንዲህ ሲባል ግን ስለት ፈረሱን ነክቶት አያውቅም ማለት አይደለም። ጠጉሩ ሲቆረጥ ኖሯል። የሚቆረጠው ግን ለእንስሳው ምቾት ሳይሆን ለሰው ጉዳይ ነበር፤ ለዱቄቱ፣ ለዜማውና ለክብሩ።

የልዩነቱ መነሻ ከሙቀት ይልቅ ብርሃን ነው። ፈረስ ጠጉሩን መቼ እንደሚያወፍርና መቼ እንደሚያረግፍ የሚነግረው በዋናነት የቀኑ ርዝመት ነው። ዓይኑ የሚቀበለው ብርሃን ሲያጥር አንጎሉ የሚያመነጨው ቅመም ይለወጣል፤ ቆዳውም ለብርዱ መዘጋጀት ይጀምራል። ቀኑ ሲረዝም ደግሞ ጠጉሩ መርገፍ ይጀምራል። ይህን የተረዱ የውጭ አገር አርቢዎች ገና በብርዱ ወራት በበረት ውስጥ አምፖል አብርተው ቀኑን ወደ 16 ሰዓት ያስረዝሙታል፤ ፈረሱም ሙቀቱ ሳይደርስ ደረሰ ብሎ ጠጉሩን ቀድሞ ይጥላል።

ለንደን ላይ የዓመቱ አጭር ቀን 8 ሰዓት አይሞላም፤ ረጅሙ 16 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ወረታ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት በሚቀረው ቦታ ላይ ስላለች አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ፣ ረጅሙም 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ የርብና የጉማራ ወንዞች ከሚነሱበት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚደርሰው ከጉና ተራራ ግርጌ የሚውለው ፈረስ እንኳ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቢመታውም እንደ ሩቅ አገር ዘመዶቹ ካፖርት አይደርብም።

በነገራችን ላይ የመሸለቱ ልማድ በእንግሊዝም ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። የእንግሊዝ መኮንኖች እ.ኤ.አ. ከ1808 እስከ 1814 በስፔን ምድር ከናፖሊዮን ጦር ጋር ሲዋጉ ስፔናውያን በቅሎዎቻቸውን ሲሸልቱ አይተው ልማዱን ወደ አገራቸው እንደወሰዱት ይነገራል። ሥራ የሚበዛበት ፈረስ ጠጉሩ ረጅም ከሆነ ያልበዋል፤ ላቡ ቶሎ አይደርቅም፤ ሌሊት ደግሞ ብርዱ ይገባበታል። መፍትሔው ጠጉሩን ማንሳት ሆነ። መጀመሪያ በመቀስ፣ ቀጥሎም በፋኖስ ነበልባል በመለብለብ፣ በኋላም በእጅ በሚዞር ማሽን ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ቺካጎ ውስጥ የተቋቋመ አንድ ኩባንያ የፈረስ መሸለቻና የበግ መላጫ እየሠራ አደገ። ዛሬ ሰንቢም የሚል ስም የያዙት የቤት ዕቃዎች የዚያው ኩባንያ ልጆች ናቸው።

ወደ ፎገራ እንመለስ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይፋግ የበጌምድር ትልቅ ገበያና የቀረጥ በር ነበረች። ከአፋር ምድር የሚነሳው አሞሌ ጨው በሶቆጣ በኩል አድርጎ በጋማ ከብት ጀርባ ወደዚህ ይገባ ነበር፤ የወይን ጠጇም በተጓዦች ዘንድ የታወቀ ነበር። በእንዲህ ያለው ገበያ የጋማ ከብት ሁሉ የየራሱ ማዕረግ ነበረው። አህያና አጋሰስ ጭነት ይሸከማሉ። መኳንንቱና ካህናቱ ለመንገድ ሰጋር በቅሎ ይቀመጣሉ። ፈረሱ ግን ለብቻው ነው፤ ጌታው በበቅሎ ሲሄድ እሱ ግላሱን ደርቦ፣ ልጓሙን ነክሶ ባዶውን ከጎን ይሳባል። ለጦርነትና ለጉግስ ይጠብቁታል።

ጉግስ በገና፣ በጥምቀትና በመስቀል ሲደርስ ፈረሱ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ ጋማው ይበጠራል፤ ግንባሩና አንገቱ በጌጥ ይሞላል። ዋናው ሐሳብ ጠጉሩ እንዲታይ ነው። ጋማና ጭራው የተንዠረገገ ፈረስ የባለቤቱን ሁኔታ ይናገራል፤ ጠጉሩ የተነቃቀለ ፈረስ ደግሞ የሚበላው ጎድሎበታል ወይም የሚያሽረው አጥቷል። ገዢም ሲመጣ መልኩን ያያል፤ ዳማ ነው፣ ጉራቻ ነው፣ ቦቃ ነው ይላል።

አንድ ፈረስ በመልኩ ብቻ ምን ያህል ሊታወቅ እንደሚችል ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጽፏል። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ሲሄድ በዚያ ወገን ያለው አገር በዳሞቱ ፋሲል እጅ ነበር። ፋሲል በመጀመሪያ ቢያስቸግረውም በመጨረሻ የራሱን ግራጫ ፈረስ ከነኮርቻውና ከነልጓሙ ሰጠው። እንዳትቀመጠው፣ ከፊትህ ንዳው፣ ይህን ፈረስ ያየ ማንም አይነካህም አለው። በመንገድ ያገኙት ሰዎችም ፈረሱን እያወቁ አሳለፉት። ማኅተም ካለበት ወረቀት ይልቅ አንድ ግራጫ ገላ ይበልጥ ሠርቷል።

ብሩስ በግንቦት 1763 ዓ.ም. ከጎንደር በስተ ደቡብ በሰርባኩሳ የተደረገውን ጦርነትም አይቷል። የንጉሡ ጥሩር ለባሽ ፈረሰኞች የሚቀመጧቸው ግዙፍ ፈረሶች ከሱዳን ወገን፣ ከዶንጎላ ዘር የመጡ ነበሩ። የደጋው ፈረስ ከእነሱ ጋር ሲቆም ትንሽ ነው። በፈረንጅ መለኪያ ቁመቱ 147 ሳንቲ ሜትር ያልሞላ ፈረስ ፖኒ ይባላልና አብዛኛው የኢትዮጵያ ፈረስ ከዚያ በታች ይውላል። ይሁንና አፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክን አባ ዳኘው ያሰኙት ፈረሶች የዚሁ አገር ፈረሶች ናቸው። የፈረስ ስም ከአባት ስም በላይ የሚያስከብርበት አገር ላይ የቁመት ክርክር ብዙ ትርጉም የለውም።

አሁን ወደሚቆረጠው ጠጉር እንምጣ።

የፈረስ ጭራ የመጀመሪያ ጥቅሙ ለራሱ ለፈረሱ ነው፤ ዝንብ ያባርርበታል። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው በሚተኙበት፣ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ዝንብና ትንኝ በሚርመሰመስበት በፎገራ ሜዳ ጭራው የተቆረጠ ፈረስ እረፍት አያገኝም። በእንግሊዝ አገር ለመልክ ሲሉ የፈረስን ጅራት ከነአጥንቱ የመቁረጥ ፋሽን ለረጅም ጊዜ ቆይቶ በሕግ የታገደው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። እዚህ ግን ሰው የፈረሱን መሣሪያ አይቶ ለራሱ አበጀው። ከጭራው ጠጉር ተወስዶ በእንጨት፣ በቀንድ ወይም በብር እጀታ ላይ ሲታሰር የካህኑ፣ የሽማግሌውና የመኳንንቱ የእጅ ጌጥ ይሆናል። ዝንብ ማባረሪያነቱ እንዳለ ሆኖ ያለ ጭራ ችሎት የተቀመጠ ትልቅ ሰው አንድ ነገር የጎደለው ይመስል ነበር።

ሁለተኛው ጠጉር ወደ ጓዳ ይገባል። ከሽቦና ከፕላስቲክ በፊት የደቀቀ ዱቄት የሚነፋበት ወንፊት ከፈረስ ጭራ ይሠራ ነበር። ጠጉሩ ጠንካራ ነው፤ ለስላሳም ስለሆነ ዱቄት አይዝም፤ ውሃ ቢነካው አይበሰብስም። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ፈረሰኛው ብዙ ቀለም አፍስሰዋል። ስለዚህ ወንፊት የጻፉት ግን እምብዛም ነው። ይህ ጉድለት ነው፤ ምክንያቱም ፈረስ በጦር ሜዳ የሚውለው በዓመት ጥቂት ቀን ሲሆን ወንፊቱ ግን እህል በተፈጨ ቁጥር ከግድግዳው ይወርዳል።

ሦስተኛው ማሲንቆ ነው። የማሲንቆ አንድ ክር የሚባለው የብዙ የፈረስ ጭራ ጠጉር ጥቅል ነው፤ ደጋኑም የተወጠረው በዚያው ነው። ጠጉር በጠጉር ላይ ሲሄድ፣ ሙጫ ስለተቀባ ቆንጠጥ እያደረገ ያንን የሚያጉረመርም ድምፅ ያወጣል። በጎንደር አካባቢ ቡርቧክስ የአዝማሪ መንደር በመሆን የታወቀች ናት፤ እዚያ ልጅ ማሲንቆ የሚማረው ከቤተሰቡ ነው። የቫዮሊን ደጋን ሠሪዎችም እስከ ዛሬ ከሞንጎሊያና ከሳይቤሪያ የሚመጣ የፈረስ ጭራ ይፈልጋሉ። ለአንድ ደጋን ከ150 እስከ 200 የሚደርስ ዘለላ ይገባል፤ የድንጉላው ጭራ ሽንት ስለማይነካው ከባዝራዋ ይመረጣል ይላሉ። በቪየናና በቡርቧክስ መካከል ያለው ሙያ በዚህ ይገናኛል።

የፎገራ ሜዳ ግን ተለውጧል። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በሻጋና በጅግና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ማልማት አስጀመሩ። ዛሬ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለባት ከተማ ናት። በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በበጋ የጋራ ግጦሽ የነበረው መሬት በሩዝ ተሸፈነ። ለገበሬው ትልቅ ገቢ ነው፤ ለታዋቂው የፎገራ ከብትም ሆነ ለፈረሱ ግን ግጦሹ ጠበበ። በከተሞቹ የፈረስ ጋሪ ይሠራው የነበረውን ሥራ ባጃጅ እየወሰደው ነው። ወንፊቱም ሽቦና ፕላስቲክ ሆኗል።

የፈረሱ ክብር ሳይቀንስ የቆየበትን ለማየት ከጣና ማዶ ወደ አዊ መሻገር ያስፈልጋል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. በዓድዋና በሌሎች ጦርነቶች የዋሉትን ፈረሶች ለማሰብ ተቋቁሞ እስከ ዛሬ ዘልቋል። በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ ሲሰበሰብ በጌጥ ያሸበረቁ ፈረሶች ሜዳውን ይሞሉታል። እዚያ የሚታየው ጋማ የተበጠረ እንጂ የተሸለተ አይደለም።

በደቡብ ጎንደርም የፈረሱ ዕቃዎች ገና ከሰው እጅ አልወጡም። በአዲስ ዘመን፣ በይፋግ ወይም በወረታ ዙሪያ በአያቶቹ ቤት የጭራ ወንፊት፣ የፈረስ ግላስ ወይም ባለ ብር እጀታ ጭራ የተቀመጠለት አንባቢ ካለ ለቱሪስት ዕቃ ነጋዴ ከመሸጡ በፊት ማን እንደሠራውና እንዴት እንደተሠራ ጠይቆ ይጻፍ፤ ዕቃውንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለሚገኘው ሙዚየም ወይም ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሳይ።