የሊንከን አውራ ጎዳናና የሜዳው ጭቃ

ኒውዮርክን ከሳን ፍራንሲስኮ የሚያገናኘው የሊንከን አውራ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ1913 ሲታወጅ፣ አብዛኛው ክፍሉ ተራ የአፈር መንገድ ነበር። በአዮዋና በነብራስካ ሜዳዎች የጉዞን ዕቅድ የሚወስነው ዝናብ ነበር፤ ጥቁሩ አፈር ሲርስ ጎማ ላይ እየተጣበቀ መኪናን ቀጥ ያደርግ ነበር። ስለዚህም የሊንከን አውራ ጎዳና ማኅበር መመሪያ መጽሐፍ ርቀትን፣ ሆቴልንና ጋራዥን ከመዘርዘር አልፎ፣ አካፋና መጥረቢያ መያዝን፣ ቤንዚን በተገኘበት ሁሉ መሙላትን ይመክር ነበር። አቅጣጫ የሚታወቀው በስልክ እንጨቶች ላይ በተቀባው ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ምልክት ነበር።

ብልህ የነበረው ዘዴ ግን የናሙና መንገዱ ነበር፦ በ1914 በኢሊኖይ ማልታ አጠገብ፣ በ1915 ደግሞ በነብራስካ ግራንድ አይላንድ፣ አንድ አንድ ማይል ኮንክሪት ተነጠፈ። ከጭቃ ወጥቶ በዚያ ላይ ለአፍታ የነዳ ሰው ጥሩ መንገድ ምን እንደሆነ ያለ ስብከት ይረዳ ነበር። በ1926 የመንገድ ቁጥሮች የመንገድ ስሞችን ሲተኩ፣ የሜዳው ክፍል በአብዛኛው መንገድ 30 ሆነ።