«ኮምቦኒ» የሚለው የማኅበር ስምና አጠቃቀሙ

በመተከል፥ በግልገል በለስና በማንዱራ፥ በጉሙዝ ሕዝብ መካከል የሚሠሩት የካቶሊክ ካህናትና ደናግል «ኮምቦኒ» ይባላሉ። ቃሉ የሰው ስም ስለ ሆነ በራሱ የሚመረመር ትርጉም የለውም። ማኅበሩ ቀድሞ ይጠራባቸው የነበሩት ስሞች ግን ብዙ ይነግራሉ። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ኢጣልያዊው ካህን ዳንኤል ኮምቦኒ በ1867 በቬሮና ከተማ ለአፍሪካ የሚላኩ ካህናት የሚዘጋጁበትን ተቋም፥ በ1872 ደግሞ የሴቶቹን ማኅበር መሠረተ። በ1881 በካርቱም ሞተ። ወንዶቹ በ1885 ስእለት ያለው ማኅበር ሲሆኑ «የኢየሱስ ቅዱስ ልብ ልጆች» ተባሉ። በ1923 ኢጣልያውያኑና ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ተለያዩ። ሁለቱ ወገኖች በ1979 ሲዋሐዱ የጋራ መሥራቻቸውን ስም ያዙ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «የቬሮና አባቶች» ይሏቸው ነበር፤ ይህ ስም ከየት እንደ መጡ እንጂ ስለ ሥራቸው አንዳች አይናገርም።

ይልቁንም ሊመረመር የሚገባው የሴቶቹ ስም ነው። እነርሱ «የኒግሪሲያ ደጋግ እናቶች» ይባሉ ነበር። ኒግሪሲያ «የጥቁሮች አገር» ማለት ነው፤ ዐረቦች «ቢላድ አስ ሱዳን» ያሉትም ይህንኑ ነው። ስሙ የተወሰደው ከሚያገለግሉት ሕዝብ ነው፤ ይኸውም ሕዝቡ ራሱን ከሚጠራበት ስም ሳይሆን ሌላው ከሩቅ ካየው የቆዳ ቀለም ነው። እንዲህ ላለው አጠራር አውሮፓውያንን ብቻ መውቀስ አይገባም። በአገራችንም ደገኛው ጉሙዙንም በርታውንም ሳይለይ «ሻንቅላ» በሚል የንቀት ቃል ይጠራ ነበር። ቤኒ ሻንጉል በ1898 በምኒልክ ጦር ከተያዘና ወሰኑ በ1902 ውል ከተደነገገ በኋላም ቃሉ ብዙ ዘመን ኖረ። እንግዲህ ሴቶቹ የቀድሞውን ስም ትተው የመሥራቹን መያዛቸው በእኔ አስተያየት ስምን ለማሳጠር ብቻ የተደረገ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ሆኖም ቃሉ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በ1883 በቬሮና የተቋቋመው የማኅበሩ መጽሔት ዛሬም «ኒግሪሲያ» ይባላል።

ሚሲዮናውያኑ በ1964 ከደቡብ ሱዳን በተባረሩ ጊዜ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ወደ ሲዳሞ መጡ። ወደ ጉሙዝ የደረሱት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ሆነ፥ በመተከል ከመጀመሪያው ጀምሮ የታወቁት «ኮምቦኒ» በሚለው ስም ነው።