ርዕስ የሌለው መጽሐፍ እንዴት ይፈለጋል?

እኛ ስልክ ላይ ርዕስ ጽፈን መጽሐፍ ለማግኘት የለመድን ልጆች ያንን ርዕስ ማን እንደመዘገበው ብዙም አንጠይቅም። የብራና መጽሐፍ ግን ሽፋኑ ላይ ርዕስ የለውም። ካላነበባችሁት ምንነቱን አታውቁም። በአንድ ጥራዝ ውስጥ ድርሳኑም፣ መልክኡም፣ የርስት ውሉም ታጭቆ ይገኛል። ዘመኑስ? በጸሎቱ መሀል የንጉሥ ወይም የጳጳስ ስም ከተጠራ ዕድለኛ ናችሁ። ካልተጠራ የፊደሉን ቅርጽ ማጥናት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የአገራችንን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተነሡ። ግን ማን አንብቦ ይመዝግባቸው?

በ1975 የደርግ ወታደሮች የዩኒቨርሲቲ መምህሩን ጌታቸው ኃይሌን ቤታቸው ድረስ ሄደው በጥይት መቷቸው። ከዚያ ወዲህ በእግራቸው አልሄዱም። በ1976 ሚኒሶታ ገቡና በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ፊልሙን ማንበብ ያዙ። ካታሎጉን የጀመረው ዊልያም ማኮምበር ነበር፤ ጌታቸው ተቀላቀሉት፣ በኋላም ሥራውን ተረከቡት። እስከ 1993 ድረስ 10 ቅጾች ታተሙ።

መጻሕፍቱ እዚህ፣ አንባቢያቸው እዚያ! እኛ ይሄ ነገር አሁንም ይቆጨናል።

የታተመው ካታሎግ 5,000ኛው ብራና ላይ ቆመ። ጌታቸው በ2021 አረፉ።