አሮጌ ቮልስ ከወረታ እስከ አዲስ አበባ፦ ሳትነሱ መታየት ያለባቸው ነገሮች

በኢንቦክስ ደጋግማችሁ ከምትጠይቁን አንዱ ይሄ ነው፦ «የአባቴ ቮልስ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ትነሳለች፣ ከተማ ውስጥም ትሄዳለች። አዲስ አበባ ድረስ ትወስደኛለች ወይ?» አጭሩ መልስ፦ ትወስዳለች። ግን ቁልፍ አዙሮ መሄድና አዘጋጅቶ መሄድ ለየቅል ናቸው። ልዩነቱ የሚታወቀው ደግሞ ወረታ ላይ ሳይሆን አባይ በረሃ ውስጥ ነው።

ጥያቄው የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ አስነካው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጪ ያሉ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። አዲስ መኪና ከብዙዎቻችን አቅም ሲርቅ፣ ግቢ ውስጥ የቆመችው አሮጌ መኪና እንደገና መታየት ጀመረች።

«ይቺ ሚጢጢ ነገር ረጅም መንገድ?» ብሎ ለሚስቅ ጓደኛችሁ ይሄን ንገሩት። ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። የመጨረሻዋ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው። በጭቃና በአቧራ የሚታወቀውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አሸንፋለች። የመጀመሪያው ፖርሼ፣ 356 የሚባለው፣ ሲሠራም ብዙ ዕቃው የተወሰደው ከሷው ነው። ስለዚህ ስፖርት መኪና ባትባልም የስጋ ዘመድ ነች። በኛ ታሪክም ቦታ አላት፦ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው በቮልስ ነበር።

መንገዱ ይቀድማል

ይሄን ሳንል ስለ ሞተር ብናወራ ዋሽተናችኋል ማለት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ በድንገት ይዘጋል፣ በሹፌርና በተሳፋሪ ላይም እገታና ግድያ ደርሷል። የምትነሱበትን ቀን የሚቆርጠው መካኒኩ ሳይሆን ትናንት በዚያ መንገድ የመጣ ሹፌር ነው። መናኸሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ሁለት ሦስት ሰው ጠይቁ። የፌስቡክ ፖስት፣ የኛም ቢሆን፣ ለዚህ አይሆንም፤ እናንተ እስክታነቡት ነገሩ ተቀይሮ ይጠብቃችኋል። ማታ አትጓዙ። ሚኒባስ የሚቆመው ሹፌሩ በፈለገበት ነው፣ አሮጌ መኪና ግን ራሷ በፈለገችበት ትቆማለች። ስለዚህ ለናንተ ጥንቃቄው እጥፍ ነው።

ቆማ የከረመች መኪና

ፎገራ የሩዝ አገር ነው፤ ሩዝ ካለ አይጥ አለ። ቮልስ በውኃ ሳይሆን በአየር ነው የምትቀዘቅዘው፣ ራዲያተር የላትም። ሞተሩ ላይ የተቀመጠው ቬንትሌተር አየር እየሳበ በሲሊንደሮቹ ክንፎች መሃል ያሳልፋል። አይጥ እዚያ የቆርቆሮ ሽፋን ውስጥ ጎጆ ከሠራች፣ ወይም ገለባና አቧራ ከዘይት ጋር ተጋግሮ ክንፎቹን ከዘጋ፣ ከተማ ውስጥ ምንም ላይታወቃችሁ ይችላል። ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ይቃጠላል። ወራት ቆማ ከነበረ ሽፋኑን አስፈትታችሁ አስጸዱ። መካኒኩ «አያስፈልግም» ቢል እንኳ አስፈቱት።

ሁለተኛው ወለሉ ነው። ሜዳው በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ይጥለቀለቃል፤ የ1998ቱን ጎርፍ ታላላቆቻችሁን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። ዋልካ አፈር ደግሞ እርጥበት ይዞ ይከርማል። ምንጣፉን አንሱና ወለሉን በካቻቪቴ ጫፍ ጫን ጫን አድርጉት። ከኋላ ወንበር ሥር፣ ባትሪው ያለበት ጥግ፣ ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው። ካቻቪቴው ከገባ ሌላውን ሁሉ ተዉትና መጀመሪያ ላሜራ አስበይዱ።

ባትሪው ላይ ካላችሁ አንድ ነገር። የኋላ ወንበሩ ሞላ ብረት ነው። ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ሊነካ ይችላል፣ ከዚያ ወንበሩ ይነዳል። በቮልስ ዓለም የታወቀ አደጋ ነው። ባትሪው ላይ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ክዳን አድርጉ፣ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስም በደንብ ይታሰር።

ሌላው የእሳት ምክንያት የቤንዚን ቱቦ ነው። ከፖምፓው ወደ ካርቡሬተር የምትሄደው አጭር የጎማ ቱቦ በዕድሜ ትሰነጠቃለች፣ ታችዋ ደግሞ የጋለ ሞተር አለ። ዋጋዋ ከምሳ አይበልጥም። ሁሉንም የቤንዚን ጎማ ቱቦ ከፊት ታንኩ እስከ ኋላ ቀይሩ፣ በየጫፉ ፋሼታ ይጠበቅ። ፊልትሮም ጨምሩ፤ ግን ሞተሩ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ከታንኩ ሥር በኩል። እሳት ማጥፊያ ያለ ጥያቄ ይያዛል፣ የሚቀመጠውም እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ እንጂ ሻንጣ ሥር አይደለም።

ፍሬን

ደጀን ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው፣ ከፊታችሁ የከባድ መኪና ሰልፍ አለ። የብዙዎቹ አሮጌ ቮልሶች ፍሬን በአራቱም እግር ከበሮ ነው። ከበሮ ሲግል መያዝ ይተዋል። የቆዩት ሞዴሎች ደግሞ የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ጎማ ጋ ከፈሰሰ አራቱም ይጠፋል። ሁለት ዕድል የለም።

ስለዚህ አራቱንም ከበሮ አስከፍቱ። ሸራው ስንት ቀረው? የየጎማው ትንሹ ፖምፓ ያልባል? ጎማ ቱቦዎቹ አብጠዋል? ያላበውን ማጠብ ሳይሆን መቀየር ነው። የፍሬን ዘይት በዕድሜ ከአየር ላይ ውኃ ይስባል፣ ሲግል ውኃው ይፈላል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። አሮጌው ሙሉ በሙሉ ይውጣና አዲስ ይግባ፣ አየሩም ይውጣ። በመጨረሻ ሬጅስትሮ ተደርጎ ፔዳሉ ከላይ መያዝ አለበት። «ሁለቴ ስትረግጠው ይይዛል» የሚባል ፍሬን ለወረታ ገበያም አይሆን፣ እንኳን ለአባይ።

ስትወርዱ በሁለተኛ ማርሽ ነው። ሞተሩ ራሱ ይያዛት። ፍሬኑን ረግጣችሁ ፍጥነቱን ቀንሱና ልቀቁ፤ እግራችሁን ጣል አድርጋችሁበት አትውረዱ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መውረድማ ራስን መግደል ነው።

ሞተሩ

ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው፣ እሱም ማለስለስ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዝም ሥራው ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፣ ለጉዞ ግን ጊዜው ባይደርስም ቀይሩት። እንደ ዛሬ መኪና ፊልትሮ የላትም፣ ከታች የወንፊት ማጥለያ ነው ያላት። ተፈትቶ ይታጠብ። ወንፊቱ ላይ የብረት ብናኝ ካገኛችሁ ጉዞው ይቅር።

የቫልቭ ሬጅስትሮ ለአብዛኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሚለካውም ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ፣ ጠዋት ነው። ብዙ መካኒክ «ቫልቩ ድምፅ እንዳያሰማ» ብሎ ያጠብቀዋል። የጠበቀ ቫልቭ ድምፅ አያሰማም፣ ልክ ነው፤ ግን ሙቀቱን የሚያስረክብበት ጊዜ አያገኝም፣ ይቃጠላል። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር በቆዩት ሞተሮች ላይ ከሁሉም ይግላል። ትንሽ ጠቅ ጠቅ ማለት ጤና ነው።

ፑንቲናው 0.4 ሚሊ ሜትር። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ ቀለማቸውን እዩ፦ ቡናማ ከሆኑ ጥሩ፣ ጥቁር ጥላሸት ከሆኑ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆኑ አንሷል። ከፍታ ላይ አየር ስለሚሳሳ በ2,400 ሜትር ገደማ የሞተሩ ጉልበት በሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ካርቡሬተሩም ቤንዚን ያበዛል። አንዳንዱ መካኒክ ለደጋው ብሎ በጣም ያሳንሰዋል። ወደ በረሃው ስትወርዱ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ትንሽ ጥቁር ቢሆን ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ቺንጋው። በቮልስ ላይ አንዱ ቺንጋ ዲናሞውንም ቬንትሌተሩንም ያዞራል። ከተበጠሰ ቀዩ መብራት ይበራል፣ ማቀዝቀዣም የለም ማለት ነው። «እስከሚቀጥለው ከተማ» አይባልም፣ እዚያው ጥግ ይዛችሁ አጥፉ። አዲስ አስገቡ፣ አንድ ደግሞ መጠባበቂያ ያዙ፣ በአውራ ጣት ሲጫን 1.5 ሳንቲም ገደማ ይግባ። ለመቀየር 21 ቁልፍና ካቻቪቴ ይበቃል። ግቢያችሁ ውስጥ አንዴ ራሳችሁ ቀይሩት። ዩትዩብ አይታችሁም ቢሆን ሞክሩ፣ መንገድ ላይ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል።

ጎማ

ባለ 15 ነው፣ በየሱቁ አይገኝም። ጎኑ ላይ በመጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፦ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው ያለፈ ጎማ ያታልላል። ጎሚስታው ጋ ዝም ካላችሁ አራቱንም እኩል ነፍቶ ይልካችኋል። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ፊቷ ቀላል ነው፤ ፊት 18፣ ኋላ 27 በሉት። «ፊቱ አነሰ» ብሎ ይከራከራችኋል፣ እናንተ ጽኑ። ስኮርታውንም እንዳትረሱ፣ ክሪኩ ደግሞ የሚያነሳ መሆኑን እዩ።

መሞከሪያው ቅርብ ነው

ወረታ መኖር እዚህ ላይ ይጠቅማል። መጀመሪያ በሜዳው፣ በሐሙሲት አድርጋችሁ ባሕር ዳር ደርሳችሁ ተመለሱ። ደርሶ መልስ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልብ በሉ፣ የፎገራ ላም አስፋልቱን እንደ ግቢዋ ነው የምታየው፣ ፍሬናችሁን እሷም ትፈትንላችኋለች። ስትመለሱ ዘይቱ ስንት ጎደለ? ምን ፈሰሰ? በሌላ ቀን ደግሞ ደብረ ታቦር ውጡ። 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዓለም በር ወዲያ ያለው ዳገት ሞተሩን ያሞቀዋል፣ መመለሻው ቁልቁለት ፍሬኑን። ይሄን ያለችግር ካለፈች አባይን ታልፋለች ብለን እናምናለን። ካላለፈች ደግሞ የተበላሸችው ቤታችሁ አጠገብ ነው።

ነዳጅና ወረቀት

ታንኩ 40 ሊትር ነው፣ በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ወይም 9 ሊትር ብትበላ እስከ አዲስ አበባ ያለው 600 ኪሎ ሜትር ገደማ በአንድ ሙሌት አያልቅም። ባሕር ዳር ሙሉ፣ ደብረ ማርቆስ እንደገና ሙሉ፤ ግማሽ ሲሆን ሞልቶ መሄድ ይሻላል። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ቴሌብር ላይ ብር ይኑር፣ ስልኩም ቻርጅ ይኑረው። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል፣ ግድ ካልሆነ ተዉት። ግድ ከሆነ በጨርቅ አጥልሉትና ትንሽ አቆዩት፤ ውኃው ከታች ይቀራል። ነጭ ጋዙ ግን በማጥለል አይወጣም። ትርፍ ቤንዚን በጀሪካን መኪና ውስጥ ይዞ መጓዝ አይታሰብም።

ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ቦሎ፣ ሦስተኛ ወገን መድን። መኪናዋ በአባታችሁ ስም ከሆነች ውክልናውን ያዙ፤ ኬላ ላይ «የቤተሰብ ናት» ማለት ወረቀት አይሆንም።

ለመጠባበቂያ፦ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ ፑንቲናና ኮንደንሰር፣ የቤንዚን ቱቦ፣ የፍሪሲዮንና የጋዝ ገመድ፣ ፊውዝ፣ 1 ሊትር ዘይት፣ የፍሬን ዘይት። ወረታ ያሉ ጋራዦች ባጃጅና አይሱዙ እንጂ ቮልስ ብዙም አያዩም፣ ዕቃም አይዙም። መርካቶ ሶማሌ ተራ የሚፈልግላችሁ ሰው ካለ ከመነሳታችሁ ሳምንታት በፊት አስልኩ።

ከድልድዩ ወዲያ ያለው ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወስደው ዳገት ነው። ሙቀቱ አለ፣ መንገዱ ረጅም ነው። በሦስተኛ እያቃሰተች አትግፏት፤ ሁለተኛ አስገብታችሁ ሞተሩ በደንብ ይዙር፣ ሲዞር ነው ቬንትሌተሩ የሚነፋው። ሲኖትራክ ቢያልፋችሁም ይለፍ። አፋፉ ላይ ስትደርሱ ወዲያው አታጥፉ፣ ቆማ አንድ ሁለት ደቂቃ ትዙርና ትተንፍስ። ከዚያ አጥፏት፣ የኋላውን ኮፈን ክፈቱት፣ ቺንጋውንና የቤንዚን ቱቦውን በዓይናችሁ እዩ፣ ቡናችሁን ጠጡ። ዘይቱን ለክታችሁ ወደ ፍቼ መቀጠል ነው።